«አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

«ውድ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 17 ነው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ከድሬዳዋ ስንመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን 12ኛ ክፍል ነኝ፤ ባዮሎጂ ማጥናት እፈልጋለሁ። ለረጅም ጊዜ ስመኘው ለነበረ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኧርሊ ዲሲዥን፣ ከተቀበሉ መግባት ግዴታ በሚሆንበት ቀደምት ዙር፣ አመልክቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ዲፈርድ ይላል፤ ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ማለት ነው። ታናናሾቼ እንዳይሰሙኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። ‹አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?› አለኝ። መልስ አጣሁ።

አንድ ክፍል የምንማር ጓደኛዬን ያው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። እናቶቻችን የሚሳለሙት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ ነበር። ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ ጃንጥላውን ገዝታ አስቀምጣለች፤ ትናንት ደውላ ‹ለታህሳስ 19 ይዤው ልውጣ ወይስ ይቆይ?› ብላ ጠየቀች። እናቴ ምንም ሳትል ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኧርሊ አክሽን፣ ግዴታ በሌለበት ቀደምት ዙር፣ አመልክቻለሁ፤ መልሱ አልመጣም። ከዚያ ሌላ ያልላክኋቸው ስድስት ማመልከቻዎች አሉኝ። ኮምፒውተሩን ስከፍት እጄ አይታዘዝልኝም። እናቴ ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምትሠራ ታናናሾቼን የማበላውና የማስተኛው እኔ ነኝ፤ አያቴንም ሐኪም ቤት ይዤ ሄጄ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። ሌሎች ልጆች በዚያ ሰዓት ክለብ ውስጥ ነበሩ። ምናልባት ያልተቀበሉኝ ለዚህ ይሆናል። ምን ላድርግ?»

መልስ

ልጄ፣

ለአባትሽ መልስ ያጣሽው አማርኛ አጥሮሽ አይደለም። ጥያቄው የተሠራው ለሌላ ፈተና ነው።

አባትሽም እኔም ያደግነው በማትሪክ ዘመን ነው። «ውጤት መጣ» ሲባል ወደ ትምህርት ቤት እንሮጥ ነበር። የመቁረጫ ነጥብ የሚባል አንድ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ የሆነ አለፈ፣ በታች የሆነ ወደቀ፣ በመካከል የሚቆም ሰው አልነበረም። አገር ቤት ዛሬም የሚሰማው ወሬ ያው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር፣ አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች እንኳ ስልክ ላይ ሆነው የዘመድ ልጅ ስም ሲያጣሩ ነበር። አባትሽ «አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?» ሲሉ ሊጨክኑብሽ ፈልገው አይደለም። የሚያውቁት ፍርሃት ነው የተናገረው።

አንቺ ያመለከትሽበት ቦታ ግን መስመር የለውም። ኮሚቴ ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት፣ ጽሑፍ፣ የመምህራን ምስክርነት ያነባል፤ ከዚያ ካሉት መቀመጫዎች ጋር ያመዛዝናል። የአንቺን አንብበው «ተቀብለናል» አላሉም፤ «አንቀበልም»ም አላሉም። ከኖቬምበር በኋላ የሚመጡትን አመልካቾች ገና አላዩም፣ የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤትሽንም አላዩም፤ እነዚህን አይተው ለመወሰን ማመልከቻሽን ወደ መደበኛው ዙር አሻገሩት። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፤ ፍርድ ቤት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳይሽ በይደር ተይዟል። መዝገቡ አልተዘጋም፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል፤ ቀጠሮውም በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻ ገደማ ነው።

ስለዚህ አባትሽ፣ አክስትሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያገኙሽ እናቶች ሲጠይቁሽ «ገና ነው» በያቸው። ሌላ ማብራሪያ የለብሽም። እውነት ነው፣ ጨዋነትም አለው፣ ማንንም አያሳፍርም።

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ መስማትሽ ይሻላል። ብዙ አመልካች ጥቂት መቀመጫ በሚሻማባቸው ዩኒቨርሲቲዎች በይደር ከተያዙት አብዛኞቹ በማርችም አይገቡም። የሚገቡ አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ደግሞ ቃሉ በሁሉም ቦታ አንድ ክብደት የለውም። ጆርጅታውን ለረጅም ዓመታት በመጀመሪያው ዙር ያልተቀበላቸውን በሙሉ ወደ ሁለተኛው ዙር ሲያስተላልፍ ኖሯል፤ በዲሴምበር ማንንም አያሰናብትም ነበር። ስታንፎርድ በተቃራኒው አብዛኛውን በዚያው በዲሴምበር ያሰናብትና ጥቂቱን ብቻ ያቆያል። አንዱ ጋ በይደር መያዝ ከብዙዎች አንዱ መሆን ነው፣ ሌላው ጋ ከጥቂቶች አንዱ መሆን ነው። «ዲፈርድ ማለት በትህትና እምቢ ማለት ነው» የሚልሽንም፣ «ሊቀበሉሽ አንድ ጣት ነው የቀረሽ» የሚልሽንም ተይው። የተላከልሽን ደብዳቤ እንባ በሌለበት ዓይን እንደገና አንብቢው። ምን ያህል ተማሪ እንዳቆዩ የሚገልጹ አሉ። ምን እንድትልኪላቸው እንደሚፈልጉ የሚናገሩ አሉ፤ ለምሳሌ ኤምአይቲ በይደር ለያዛቸው ተማሪዎች በፌብሩዋሪ የሚሞላ የራሱ ቅጽ አለው። ከመንፈቅ ውጤት ሌላ ምንም አትላኩ የሚሉም አሉ፤ እንደዚያ ካሉ ምንም አለመላክ ነው።

የመንፈቁን ውጤት የሚልከው የትምህርት ቤትሽ አማካሪ፣ ካውንስለርሽ፣ ነው። ትምህርት ቤቱ ለፈረንጆቹ ገና ከመዘጋቱ በፊት፣ ነገ ማለዳ፣ ሄደሽ አነጋግሪው። ከተዘጋ በኋላ የሚመልስልሽ ሰው አታገኚም፤ በእረፍቱ ሳምንት በር ተዘግቶባቸው የተጨነቁ ብዙ ልጆች አይቻለሁ።

ጽሑፍሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ሌሎች ልጆች በዚያ ሰዓት ክለብ ውስጥ ነበሩ» ብለሻል። ልጄ፣ ኮመን አፕ በሚባለው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ላይ እንቅስቃሴዎችሽን የምትዘረዝሪበት ክፍል ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚባል አማራጭ እንዳለ ታውቂያለሽ? እንደ ክለብ፣ እንደ ስፖርት፣ እንደ ሥራ እኩል ተቆጥሮ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ተብሎ የሚሞላ ነው። የእኛ ቤት ልጆች ባዶ ይተዉታል። ለምን? ቤት ውስጥ የሚሠራውን ማንም ሥራ ብሎ ጠርቶላቸው ስለማያውቅ ነው። ታናናሾችን ማብላት፣ የቤት ሥራቸውን ማየት፣ ማስተኛት፤ የአያትን የመድኃኒት መጠን ከሐኪሙ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አዛውሮ፣ አያትሽ እንዳይደነግጡ ቃል መርጦ መንገር፤ ባዮሎጂ ላጥና የምትል ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ልታሳይ ኖሯል? እንዲያዝኑልሽ አልቅሰሽ ጻፊ ማለቴ አይደለም። ሰዓቱን ቆጥረሽ፣ የሠራሽውን በስሙ ጠርተሽ አስፍሪው። ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ሳትጽፊው ቀርተሽ ከሆነ፣ ያላወቁት ስላልነገርሻቸው ነው። ቀሪዎቹ ስድስቱ ግን ገና በእጅሽ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው ተጨማሪ ደብዳቤ የሚቀበል ከሆነም ይህንኑ ጻፊላቸው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ የጃንዋሪ ውጤትሽ ከታወቀ በኋላ ይሁን። አሁንም ልትገቢ እንደምትፈልጊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ ከዚያ ከኖቬምበር ወዲህ የተጨመረውን ብቻ ንገሪያቸው። ማመልከቻሽ ላይ ያለውን አትድገሚ፤ ለምን እንዳልተቀበሉሽ አትጠይቂ፤ አትለማመጪ። በየሳምንቱ መጻፍ፣ መደወል፣ ከማታውቂያቸው ታላላቅ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ ማሰባሰብ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በአገራችን ጉዳይ የሚያልቀው ሰው ሲገኝለት ነው የሚል ልማድ አለን፤ አንድ ወዳጅ «እዚያ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ» ብሎ ቢመጣ አመስግናችሁ ተዉት። ደብዳቤውን ላክሽ? የዚያ ትምህርት ቤት ሥራሽ አለቀ። እስከ ማርች ከስድስቱ ጋር ሰባተኛ አድርገሽ ቁጠሪው።

የሚቀጥለውን ለአባትሽ አንብቢላቸው።

ወንድሜ፣ በመከር ወራት ልጅዎ አንድ ስምምነት አስፈርማዎታለች፤ «ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እናንተ ጋ እገባለሁ» የሚል ነው። ኧርሊ ዲሲዥን የሚያስረው በዚህ ፊርማ ነው። ውሳኔው በይደር ሲያዝ ያ ግዴታ ይቀራል። በማርች ቢቀበሏት እንኳ መሄድም አለመሄድም የእናንተ ምርጫ ነው። ለእንደ እናንተ ላለ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ቢቀበሏት ኖሮ በእጃችሁ የምትይዙት የአንድ ትምህርት ቤት የገንዘብ እርዳታ ወረቀት ብቻ ነበር፤ አሁን እስከ ኤፕሪል የብዙ ትምህርት ቤቶችን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ፤ አብዛኞቹ የመጨረሻውን ቃል የሚጠይቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ስታወዳድሩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ «እርዳታ» በሚለው ርዕስ ሥር ብድርም አብሮ ይዘረዘራል። ብድሩን በእስክሪብቶ ሰርዙና በነፃ የሚሰጠውን ብቻ ደምሩ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ከኪስ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ይታያችኋል፤ ስሙ የገነነው ሁልጊዜ ውዱ አይደለም፣ ቅርብ ያለውም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ልጅቷ ብቻዋን አትጨርሰውም፤ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ በራሳችሁ መለያ ገብታችሁ ፈቃድ መስጠት አለባችሁ። የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት እርዳታ እንዳያመልጣት ቅጹ እስከ ማርች 1 መግባት አለበት። አንድ የእረፍት ቀንዎን ለዚህ ይስጧት።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት፤ በየማታው አይጠይቋት። የእኔ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህች ልጅ ቦታ ነበር። ያን ክረምት በሙሉ እራት ላይ «ምን አሉ?» እያልኩ ጠየቅሁት። ምንም አላሉም ነበር፤ እስከ ማርች ምንም እንደማይሉ እኔም አውቅ ነበር። በማርች አልተቀበሉትም፤ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ፣ ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ስለዚያ ክረምት ስናወራ «እምቢ ማለታቸውን ረስቼዋለሁ፣ እራት ሰዓት ላይ ከመኪናዬ መውረድ እፈራ እንደነበር ግን አልረሳሁትም» አለኝ። ይህን ስጽፍልዎት አሁንም ያመኛል። የመልሱ ቀን ሲደርስ ልጅዎ ራሷ ትነግርዎታለች።

ወደ አንቺ ልመለስ። በሚቀጥሉት ቀናት ሰዎች «ኧርሊ ዲሲዥን ሁለት» ስለሚባል ነገር ይነግሩሻል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት የሚዘጋ፣ በፌብሩዋሪ መልስ የሚሰጥ ሁለተኛ የፊርማ ዙር አላቸው፤ በይደር የተያዘ ሰው ማመልከት ይችላል። ፈጽሞ አታድርጊው አልልሽም። ከስድስቱ አንዱን ከምንም በላይ የምትወጂው ከሆነና ወጪው ቤተሰብሽን እንደማይጎዳ በዩኒቨርሲቲው የወጪ ማስያ አስልታችሁ ካረጋገጣችሁ ጥሩ ነው። በተቆጣሽበት ሳምንት ግን አትፈርሚ። ቁስል ለመሸፈን ብለው የፈረሙትን ፊርማ አራት ዓመት መኖር አለ።

ስድስቱን ማመልከቻዎች በተመለከተ፣ መጀመሪያ የመዝጊያ ቀኖቻቸውን በወረቀት ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊ። አንዳንዶቹ ጃንዋሪ 1 ይዘጋሉ፤ ከገብርኤል በአራተኛው ቀን ማለት ነው። ሌሎቹ በእኛ ገና አካባቢ ወይም ከዚያ በኋላ ናቸው። የስኮላርሺፕ ቀን ብዙ ጊዜ ከማመልከቻው ቀን ይቀድማል፤ ለብቻው አጣሪው። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልጨርስ አትበይ፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ ታናናሾችሽ ከተኙ በኋላ ሳይሆን ከመተኛታቸው በፊት፣ አባትሽ እነሱን ይዘውልሽ። ይህን አባትሽን በግልጽ ጠይቂያቸው፤ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። እጅሽ አልታዘዝ ካለ ከጽሑፉ አትጀምሪ፤ ስምና አድራሻ ከሚሞላበት ገጽ ጀምሪ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከተላከ ሁለተኛው ይቀላል።

ከስድስቱ መካከል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲው፣ ዩኤምቢሲ፣ ከሌለ ተመልከቺው። በሳይንስ ስሙ የታወቀ ነው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የማየርሆፍ መርሐ ግብር ለሳይንስ ምርምር የሚዘጋጁ ብዙ ጥቁር ተማሪዎችን እስከ ዶክትሬት አድርሷል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ሰፈርሽ ውስጥ ነው፤ ሁለት ዓመት እዚያ ተምረው ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሻገሩ የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ወላጆች ይህን እንደ ውድቀት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። በሌሊት ሥራ ያሳደጉሽ እናትሽ ዕዳ ሳይገቡ የሚያስመርቁሽ መንገድ እንዴት ያሳፍራል?

የጓደኛሽን ነገር በአጭሩ ልበል። ቅናት ይሰማሻል፤ ቢሰማሽ ኃጢአት አይደለም። «እንኳን ደስ ያለሽ» በያት፤ ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ስለ ዩኒቨርሲቲ እንዳታወሩ ጠይቂያት። እውነተኛ ጓደኛ ከሆነች ይገባታል። እሷ የገባችው የአንቺን ቦታ ወስዳ አይደለም፤ ይህን እናቶቻችሁም ቢያውቁት መልካም ነበር።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለቀስሽውን አልረሳሁትም። ሐዘንሽ ተገቢ ነው፤ የደከምሽበት ነገር ነው። ግን እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪምሽ ወይም ለካውንስለርሽ ተናገሪ። መኖር ትርጉም የለውም የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አንዲት ሌሊት አታሳድሪው፤ ለእናትሽ ንገሪ፣ ወይም ለእንዲህ ያለ ጭንቀት በተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር 988 ደውዪ፤ በጽሑፍ መልእክትም ይመልሱልሻል፣ ሌሊትም ይሠራሉ። የቤቱ ታላቅ ልጅ ስለሆንሽ ማልቀስ የሚቻለው ውኃ ከፍቶ ብቻ መስሎሻል። እናትሽ አጠገብ አልቅሺ።

ስለ ጃንጥላው። እናትሽ ስልኩን የሰጡሽ ሊወቅሱሽ አይመስለኝም፤ እሳቸውም መልሱን ስላላወቁት ነው። ተቀምጣችሁ ጠይቂያቸው፤ ሲሳሉ ያሉት ምን ነበር? «ልጄን እዚያ ዩኒቨርሲቲ አስገባልኝ» ነው ወይስ «ልጄን ለትምህርት አብቃልኝ»? እናቶችን እስከማውቃቸው ድረስ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም አንቺ ነሽ የምታውቂው። እንደዚያ ከሆነ ስለቱ አልቀረም፣ ጊዜውም አልደረሰም። ቁልቢ ገብርኤል የሚነግሠው ታህሳስ ብቻ አይደለም፤ ሐምሌ 19ም አለ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 26። በዚያን ጊዜ የማርቹ መልስ መጥቷል፣ ሜይ 1 አልፏል፣ በመስከረም የምትሄጂበት ትምህርት ቤት ታውቋል። እናትሽ ከተስማሙ ለአክስትሽ ራስሽ ደውዪላቸው፤ ጃንጥላውን ከነመጠቅለያው ያስቀምጡት፣ ለሐምሌ ይዘውት ይወጣሉ።